የሸሪክን ድርሻ ገዝቶ መለያየት፦ ከሐዋሳው ዳቦ ቤት የተማርኩት

በዋጋው የተስማማነው በአንድ ማታ ነው። ወረቀቱ ግን ሰባት ወር ፈጀ።

አቶቴ አካባቢ ከአብሮ አደጌ ጋር ዳቦ ቤት ነበረን። እኔ 60፣ እሱ 40 በመቶ። ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ፤ እሱ ገንዘብ አስገብቶ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን መጥቶ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላን፣ «ወንድሜ፣ ድርሻዬን ውሰደው። የጀመርኩትን ቤት መጨረስ አለብኝ» አለኝ። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የለም። እንዲያም ሆኖ ሰባት ወር። ተጣልተው የሚለያዩትን አስቡት።

ከዚያ ወዲህ ሸሪክ ማስወጣት የፈለገ ሰው ሁሉ እየደወለ ይጠይቀኛል። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ልስጠው?» ነው። ዋጋ ግን በተራ ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ከመጀመሪያው እንነሳ።

1. የምትገዙት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ

ቀልድ አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ «ሸሪኮች ነን» ከሚሉት ስንቱ ወረቀት እንዳለው ብትጠይቁ ትደነግጣላችሁ። ብዙ ጊዜ ንግድ ፈቃዱ በአንዱ ስም ነው። ሌላው ገንዘብ ሰጥቷል፣ ትርፍ ይካፈላል፣ በቃ። ሕጉ እንዲህ ዓይነቱን ሳይመዘገብ የሚሠራ ሽርክና የእሽሙር ማኅበር ይለዋል። የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ስለሌለው ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ የምታዛውሩት ድርሻ የለም። የምትገዙት የሰውየውን መብትና የይገባኛል ጥያቄ ነው።

የማውቃት አንዲት የፀጉር ቤት ባለቤት ከጓደኛዋ 200,000 ብር ተቀብላ ነበር የጀመረችው። ሊለያዩ ሲሉ አንዷ «ብድር ነው፣ 200,000 ልመልስልሽ» አለች። ሌላዋ «ግማሹ የእኔ ነው» አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። እናንተም እዚህ ውስጥ ካላችሁ ዋጋ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንዳስገባ፣ ማን ምን ያህል ትርፍ እንደወሰደ። የባንክ ስቴትመንት አያይዙ። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሙ። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሁለት ምስክር እንደሚያስፈልገው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ይላል።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ በተለምዶ ፒኤልሲ የምንለው፣ ከሆናችሁ ነገሩ ይቀላል። ግን የመመሥረቻ ጽሑፋችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። እኔ የራሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ልንለያይ ስንል ነው። ሲመሠረት ጸሐፊው ከሌላ ድርጅት ገልብጦ ነው የሰጠን፤ አንድ አንቀጽ ላይ «የማጓጓዣ ተሽከርካሪዎች» ይላል፤ እኛ ጋሪ እንኳ የለንም።

የምትፈልጉት አንቀጽ ስለ ድርሻ ዝውውር የሚናገረውን ነው። በአባላት መካከል የሚደረግ ዝውውር ጽሑፉ ካልከለከለ በአብዛኛው ነፃ ነው። ለውጭ ሰው ሲሆን ነው የሌሎቹ ፈቃድ የሚጠየቀው። ዋጋው እንዴት እንደሚተመን የሚናገር አንቀጽ ካለ ደግሞ እሱን ነው የምትከተሉት፤ ከዚህ በታች የምለውን የግምት ነገር እርሱት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይታሰብ። አባላቱ ሁለት ከነበራችሁና አንዱ ከወጣ የቀራችሁት አንድ ሰው ናችሁ። በድሮው የ1952 ንግድ ሕግ ይህ ራስ ምታት ነበር። አዲሱ ንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ወደዚያ መቀየር ይቻላል። ስትቀይሩ እናንተ ብትሞቱ ወይም መሥራት ቢያቅታችሁ ድርጅቱን የሚይዝ ሰው ታስመዘግባላችሁ። ወይም ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ባል ወይም ሚስት ትንሽ ድርሻ ይዘው ይገባሉ። የትኛውን እንደምትመርጡ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የውሉ አጻጻፍ በዚህ ይለያያል።

2. ሰኔን ጠብቁ

ከቻላችሁ ሒሳቡን ሰኔ 30 ላይ ዝጉት። የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው ያኔ ነው። ዕቃ ለማንኛውም ይቆጠራል፣ ሒሳብ ሠራተኛው ለማንኛውም መዝገቡን ይዘጋል። ንግድ ፈቃድም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሚታደስ ማሻሻያውን ከእድሳቱ ጋር አንድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። እኔ መጋቢት ላይ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ዱቄት ሁለት ጊዜ መቁጠር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

3. አሁን ዋጋው

መጀመሪያ መዝገብ ላይ ያለውን ቁጥር እርሱት። የኛ መጋገሪያ የተገዛው ብር ከመንሳፈፉ በፊት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተገዛ የውጭ ማሽን መዝገብ ላይ በእርጅና ቅናሽ እየወረደ ሄዶ ኢምንት ሆኖ ይታያል፤ ገበያ ላይ ግን ከተገዛበት በላይ ያወጣል። ሸሪካችሁ ይህን ካወቀ በመዝገብ ዋጋ አይሸጥላችሁም። ካላወቀ ደግሞ ኋላ ሲያውቅ የማይሽር ቂም ይይዛል። ንገሩት።

ማሽን ለመገመት ዕቃ አስመጪ ጋ አትሂዱ፤ የአዲሱን ነው የሚነግራችሁ። ማሽኑን የሚጠግነውን ሰው ጥሩ። የኛን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ያወጣል?» ስላቸው መልሰው፣ «ልጄ፣ ነገ ገዢ ባመጣልህ በስንት ትለቀዋለህ?» አሉኝ። እየዞሩ መጋገሪያውን፣ ማቡኪያውን፣ ጄኔሬተሩን ነካ ነካ አድርገው ለእያንዳንዱ ዋጋ ነገሩኝ። ሸሪኬም ስልክ ላይ ሆኖ ይሰማል። ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ሰው ከሁለት ገማች ይሻላል።

ከዚያ ሁለት ሒሳብ ሥሩ። የኛን ከነቁጥሩ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የንብረት ሒሳብ ነው። ማሽንና ዕቃ 1,350,000። ዱቄትና ሌላ ክምችት 110,000። ቀድመን የከፈልነው የሦስት ወር ኪራይ 90,000። ዱቤ 80,000 ነበር፤ ግን ከዚያ ውስጥ 30,000ው የማይመለስ ስለሆነ 50,000 ብለን ያዝነው። ድምሩ 1,600,000። ዕዳው ደግሞ ለዱቄት አቅራቢ 140,000፣ ለባንክ 260,000፣ በድምሩ 400,000። የተጣራው 1,200,000 ብር።

ሁለተኛው የትርፍ ሒሳብ ነው። የባንኩ ብድር ተከፍሎ በወር 65,000 ያህል ይተርፍ ነበር። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። እኔ በየቀኑ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ ስሠራ ደመወዝ አልወስድም ነበር። የኔን ሥራ የሚሠራ ሰው ብቀጥር ቢያንስ 20,000 እከፍላለሁ። ስለዚህ የድርጅቱ እውነተኛ ትርፍ 45,000 ነው፣ በዓመት 540,000። የስንት ዓመት ትርፍ ይታሰብ የሚለው ድርድር ነው። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ንግድ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ለእኔ ልከኛ ነው፤ እኛ ሁለት ዓመት ተኩል ወሰድን፣ 1,350,000 መጣ።

የሁለቱን መሐል ያዝን፣ 1,275,000። የሱ 40 በመቶ 510,000 ብር።

የቤቱን ነገር አትርሱ። ኪራይ ቤት ከሆነ ውሉ በማን ስም ነው? የውሉ ጊዜስ መቼ ያልቃል? ጥሩ ቦታ ላይ ያለ ሱቅ የቁልፍ፣ ማለትም ቦታውን ለመረከብ ብቻ የሚከፈል ገንዘብ፣ ያወጣል፤ ግን አከራዩ ነገ «ልቀቅ» ካሉ የቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ድርሻውን ከመግዛቴ በፊት ባለቤቷን እትዬን ሄጄ ውሉን ለሁለት ዓመት አሳደስኩ። ኪራይ ጨመሩብኝ። ቢሆንም ከተፈራረምኩ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይብሱን ይጨምሩ ነበር። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ የኪራይ መብቱን ማዛወር የራሱ ደንብ ስላለው አስቀድማችሁ ቀበሌውን ጠይቁ።

ካልተስማማችሁስ? ቅርጫ የገባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሥጋውን የሚመድበው ሰው መደቡን ለምን እኩል ያደርገዋል? የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ነው። ሽርክናም እንደዚያ ነው። አንዳችሁ ለ100 ፐርሰንቱ ዋጋ ይጥራ፤ ሌላችሁ በዚያ ዋጋ ልግዛ ወይስ ልሽጥ ብሎ ይምረጥ። ዋጋ የሚጠራው ሰው ወዲያው አደብ ይገዛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ የሚሠራው ሁለታችሁም የመግዛት አቅም ካላችሁ ነው። አንዱ ገንዘብ ከሌለው ባለገንዘቡ ዝቅ አድርጎ ይጠራና ያው ጉልበት ይሆናል።

4. ክፍያ

510,000 በአንድ ጊዜ አልነበረኝም። 200,000 ቅድሚያ፣ ቀሪውን 310,000 በአሥር ወር 31,000 እያልኩ ለመክፈል ተስማማን። የመጀመሪያው ከዕቁብ ነው የወጣው። ዕጣው የደረሰው ሰው ተራውን ለቀቀልኝ፤ ዕቁብ እንዲህ ዓይነት ቀን ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ቀብድ ከሰጣችሁ «ቀብድ» የሚለው ቃል በሕግ ክብደት እንዳለው እወቁ። የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። የመጀመሪያ ክፍያ ለማለት ፈልጋችሁ ቀብድ ብላችሁ አትጻፉ።

ሸሪኬ ለቀሪው አሥር ቼክ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ ላዩ ላይ የወደፊት ቀን መጻፋችሁ ገንዘቡን አስቀድሞ ከመጠየቅ አያግደውም። በቂ ስንቅ ከሌለው ደግሞ ነገሩ የወንጀል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ጓደኛችሁን ብታምኑትም ቼኩ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። እኛ በውሉ ላይ የክፍያ ሠንጠረዥ ጻፍን፤ ሁሉም ክፍያ በባንክ ወደ ሒሳቡ እንዲገባ፤ በእጅ የሚሰጥ አንድም ብር እንዳይኖር። ከዘገየሁ ደግሞ መቀጫ። ውላችሁ ዝም ካለ ለዘገየ ክፍያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚያስበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ሻጭ ብሆን በዚህ ኑሮ ውድነት 9 በመቶ አይበቃኝም ነበር።

5. ውሉ ውስጥ ምን ይግባ

ጠበቃ ያዙ። ከሚቆጫችሁ ገንዘብ ሁሉ የዚህ ትንሹ ነው። ጠበቃው የማያውቃቸውን የቤታችሁን ነገሮች ግን እናንተ ናችሁ የምትነግሩት።

ትልቁ ያለፈው ግብር ነው። በግብር አስተዳደር አዋጁ፣ 983/2008፣ ግብር ሰብሳቢው የተገለጸለትን ግብር እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ሊያሻሽለው ይችላል፤ ማጭበርበር ካለ ጊዜው አይገድበውም። ሸሪካችሁ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲት ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ እሱ በነበረበት ዓመት። ውሉ ላይ፣ «ከዚህ ቀን በፊት ላለው ጊዜ የሚመጣ ግብርና ቅጣት በቀድሞው ድርሻ መጠን ይከፈላል» ብላችሁ ጻፉ። እኛ ጽፈናል፤ ሸሪኬ ትንሽ ፊቱ ቢጠቁርም ፈረመ።

ሁለተኛው የባንክ ዋስትና ነው። ብድሩ ሲወሰድ የሱ ቤት ካርታ በመያዣነት ባንክ ገብቶ ከሆነ ድርሻውን መግዛታችሁ ካርታውን አያስለቅቅም። ባንኩ የናንተ ውል አያገባውም። ወይ ሌላ መያዣ ታቀርባላችሁ፣ ወይ ብድሩን ትዘጋላችሁ፣ ወይ ባንኩ በጽሑፍ ይለቀዋል። ድርሻውን ሽጦ ቤቱ ለሌላ ሰው ዕዳ የተያዘበት ሰው እንቅልፍ የለውም።

ሦስተኛው ፉክክር ነው። ስንት ዓመት፣ በየትኛው ሰፈር፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደማይከፍት በግልጽ ይጻፍ። «በሐዋሳ ከተማ ዳቦ ቤት» ማለት «ተመሳሳይ ሥራ» ከማለት ይሻላል። የሱቁ ስም ለማን እንደሚቀርም አብሮ ይጻፍ።

እና ዋጋ። «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አታድርጉት። ነገ ጠብ ቢመጣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ ሻጭ ከሆናችሁ ያልተጻፈው ብር አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

6. ከባልና ሚስት ፊርማ እስከ ንግድ ቢሮ

ሰባት ወር የፈጀብኝ እዚህ ነው፤ ጥፋቱም የኔው ነው፣ ቅደም ተከተሉን ገለባብጬ ነው የሄድኩት። እናንተ በዚህ ሂዱ።

አስቀድሞ የትዳር ጓደኛ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ጀምሮ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ወይም ገንዘብነት ያለው ሰነድ ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ የምሳ ሒሳብ ነው፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ውልና ማስረጃ ስትቀርቡ የሻጭ ሚስት ትጠየቃለች። የሸሪኬ ባለቤት ድሬዳዋ ነበረች። ውክልና አስልከን ስናይ ጠቅላላ ውክልና ነው፤ ድርሻ ስለመሸጥ አንድም ቃል የለውም። ተመለሰ። «የድርሻ ሽያጭ ለመፈረም» ተብሎ ተለይቶ የተጻፈ ውክልና ነው የሚያስፈልገው። ያላገባ ሻጭ ደግሞ ያላገባ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ።

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ። የድርሻው ዝውውር፣ የሥራ አስኪያጁ ጉዳይና የመመሥረቻ ጽሑፉ ማሻሻያ በአንድ ቃለ ጉባኤ ይውጣ። እሱንና የሽያጭ ውሉን ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ትገባላችሁ። ዝውውሩ በማኅበሩ የአባላት መዝገብ ላይም ይጻፍ። ብዙ ሰው መዝገቡ መኖሩንም አያውቅም።

ከዚያ ግብር። ሻጩ ካተረፈው ላይ የካፒታል ትርፍ ግብር አለበት፤ ከጠቅላላው ዋጋ ሳይሆን ካስገባው በላይ ካገኘው ላይ። በገቢ ግብር አዋጁ፣ 979/2008፣ የአክሲዮን ዝውውር ላይ 30 በመቶ ነበር የተቀመጠው። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ፣ በምትፈርሙበት ቀን የሚሠራውን ምጣኔ ከገቢዎች አስቀድማችሁ አረጋግጡና ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ጻፉ። «510 ሺህ በእጄ» ብሎ የተስማማ ሻጭ ግብሩን ሲሰማ ዋጋ ማንሳቱ አይቀርም። ደረሰኙና ክሊራንሱ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጸው ወረቀት፣ ሳይያዝ የሚመዘግብላችሁ የለም። እኔ ክሊራንስ ሳልይዝ ነበር መጀመሪያ ንግድ ቢሮ የሄድኩት፤ ሁለት ሳምንት በከንቱ።

ክሊራንሱ ሲያዝ የንግድ ምዝገባውና ፈቃዱ ይሻሻላል። ይሄ ክፍል ወረቀት ከተሟላ ፈጣን ነው።

7. ትንንሾቹ

ምዝገባው እንዳለቀ በዚያው ሳምንት ባንክ ሄዳችሁ ፈራሚ አስቀይሩ፤ የቆየውን የቼክ ደብተር መልሱ። የዱቄት አቅራቢውን፣ የቤት አከራይዋን፣ በዱቤ የሚወስዱ ሆቴሎችን አንድ በአንድ ንገሩ፤ ከወሬ ቀድማችሁ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ላይ የሚለወጥ መረጃ ካለ ገቢዎች ጋ አስነግሩ። የመጋዘኑን ቁልፍ ቀይሩ፤ ሸሪኩ እያለ፣ እያየ፣ ቡና እየተጠጣ ይሁን። ሳይነግሩት መቀየር ስድብ ነው።

እኔ የረሳሁት አንዲት ወረቀት ነበረች። ገንዘብ መቀበያው ላይ የተለጠፈችው የቴሌብር ቁጥር የሸሪኬ ነበረች። ስንጀምር የኔ ስልክ ተበላሽቶ በሱ ለጠፍናት፣ ከዚያ ዓይናችን ለመዳት። ሁሉ ነገር አልቆ በሦስተኛው ወር ደወለልኝ። «አንተ፣ ሰው ሁሉ የዳቦ ገንዘብ ይልክልኛል እኮ። እስከ ዛሬ 14,360 ብር ደርሷል። ከዚህ ወር ክፍያህ ላይ ቀንሰው፤ ወረቀቷን ግን አንሳት።»

ያን ጊዜ በወንበር ላይ ቆሜ በቢላ ፋቅኳት።